ለግቢ ውሻ የመረቅ በረዶ

ጎንደር ላይ ሙቀቱ የሚጠናው ከየካቲት ማብቂያ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ከተማዋ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ብትቀመጥም በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ዶሮም ቁጥቋጦ ሥር ትገባለች። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ግን ሰንሰለቱ ከሚደርስበት አያልፍም። ማደሪያው በአብዛኛው ከቆርቆሮ የተሠራ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ውስጡ ከውጭው ይብሳል። ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ሲጠብቅ ያደረ እንስሳ ቀን የሚያርፈው እዚያ ነው።

ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም። ላብ የሚያመነጨው በዋናነት በመዳፉ ሥር ሲሆን እሱም ጥቂት ነው። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፦ ምላሱንና አፉን ያረጠበው ውኃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ውኃ ያስፈልገዋል። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ውሻ ያላቸው ሰዎች በሙቀት ወራት የሚያዘጋጁት የቀዘቀዘ ምግብ እዚህም በቀላሉ ይሠራል። ለእኛ ግቢ የሚስማማው የአጥንት መረቅ ነው። ከሥጋ ቤት የተገኘ አጥንት ታጥቦ በብዙ ውኃ ይጣዳል። ጨው፣ ሽንኩርት፣ ቅመም፣ ቅቤ አይገባበትም። በጎንደር ከፍታ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አጥንቱ ጣዕሙን እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ሰዓት መታገሥ ነው። ከወረደ በኋላ አጥንቱ ተለቅሞ ይወጣል፤ የበሰለ አጥንት ሲሰበር ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። መረቁ ሲበርድ ከላይ የሚረጋውን ስብ ገፎ መጣል፣ የቀረውን በእኩል ውኃ ማቅጠን፣ ከዚያ የተቀቀለ ካሮት ወይም የሥጋ ፍርፋሪ ጣል አድርጎ በእርጎ ኩባያ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። በማግስቱ ኩባያውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ቢያቆዩት በረዶው ሙሉውን ይወጣል። ሰፋ ባለ ጎድጓዳ ሳህን ሲቀርብ ውሻው እየላሰ ይጨርሰዋል፤ ትንንሽ ጠጣር ቁራጭ ከሆነ ግን ሊቆረጥመው ይሞክርና ጥርሱን ይጎዳል። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ የዋለ መረቅ መልሶ ፍሪዘር አይገባም፤ ይደፋ።

ሙቀቱና ዐቢይ ጾም አንድ ሰሞን መዋላቸው ነገሩን ያከብደዋል፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ አጥንት ይጠፋል። በቅበላ የተገኘውን ቀቅሎ ማስቀመጥ አንድ መላ ነው። ካልሆነ ቅዳሜ ገበያ ዱባና ካሮት ይገኛል፤ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ቀጥኖ ይቀዘቅዛል። ፍሬው የወጣለት ሐብሐብና ሙዝም ይሆናል። ለድመትም ያው ጨው አልባ መረቅ በትንሹ ይበቃል፤ ወተት ግን ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል።

አጥብቄ የምለው የወጥ ትራፊን ነገር ነው። በየቤቱ ለውሻ የሚደፋው ወጥ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ነው፤ ሁለቱም የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም መርዛቸው አይጠፋም። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ይጎዳሉ። ቸኮሌትና ቡናም አይነኩ። ፋሲካ ሲገባ ደግሞ ጾሙ እንደተፈታ ስብና የበሰለ አጥንት በገፍ ይጣልለታል፤ ለሆዱ ከጾሙም የከፋ ነው።

በረዶው የሚችለውን ያህል ብቻ ይሠራል። 100 ግራም በረዶ ከውሻው ሆድ ገብቶ ቀልጦ እስኪሞቅ 12 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው። ያቀዘቅዘዋል፣ ውኃ እንዲያገኝ ያደርጋል፣ ታስሮ የሚውልበትን ረጅም ቀን ያሳጥርለታል። ሙቀት ለመታው ውሻ ግን መድኃኒት አይደለም። እያለከለከ የሚንገዳገድ፣ ድዱ ደም የመሰለ፣ የሚያስመልሰው ውሻ ወዲያው ወደ ጥላ ይወሰድ፤ መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት፤ ነፋስ ያግኘው፤ ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ለሃጭ ማዝረብረብና መንገዳገድ የእብድ ውሻ በሽታም ምልክት ነው። ክትባቱን በማታውቁት ውሻ አፍ አጠገብ እጃችሁን አታድርጉ፣ ልጆችንም አርቁ።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ደባርቅ ላይ፣ በረዶ የማዘጋጀቱ ድካም አያስፈልግም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በሆነችው በዚያች ከተማ የውሻ ችግር የሌሊቱ ብርድ ነው፤ ቀኑ ላይ ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል።

ፍሪጅ የሌለው ቤትም አይቸገርም። ሸክላ ላዩ ላይ በሚተነው ውኃ ምክንያት ውስጡን ስለሚያቀዘቅዝ ከእንስራ የተቀዳ ውኃ ውሻን ደስ ያሰኘዋል። የማደሪያውን ቆርቆሮ እርጥብ ጆንያ ማልበስ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ሰንሰለቱን ጥላ ወዳለበት ማዛወር ምንም ወጪ የለውም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለበት ከተማ ናችሁና ሐኪም ለመጠየቅ ሩቅ አትሄዱም። ዘንድሮ መጋቢት ሳይገባ ውሻችሁን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት፤ የውኃ ሳህኑንም ጠዋትና ቀትር ሙሉለት።