መለኪያውን ከተውን ወዲህ

መጠጥ ለመተው የቆረጠ ተማሪ ዐርብ ማታ በ12 ሰዓት ወዴት ይሂድ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛ ግን መጠጥ የተውን ሦስት ጓደኛሞች በዚሁ ጥያቄ ብዙ ተቸግረናል። እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ በሦስተኛው ሳምንት ወደ አረቄ ቤት ተመልሶ ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቀው «አረቄው አልናፈቀኝም፤ የሚጠራኝ ሰው ነው ያጣሁት» ሲል መለሰልን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን የእርሱ መልስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እናሳስባለን። ለረዥም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፥ እንቅልፍ ሊያጣ፥ ሲብስም ሊያንዘፈዝፈውና ሊጥለው ይችላልና፥ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። አረቄ ቤት ከመጠጡ ሌላ ለሰው የሚሰጠውን ብንመረምር አራት ነገሮች እናገኛለን፤ ይኸውም የታወቀ ቦታ፥ የታወቀ ሰዓት፥ ጨዋታ፥ በመጨረሻም ሲቀሩ «የት ጠፋህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። መጠጥ የተወ ሰው አራቱን በአንድ ቀን ያጣል። ስለዚህ የሚፈልገው ምትክ አራቱንም የያዘ ሊሆን ይገባል። ለብቻ መጽሐፍ ማንበብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስንቀር መጽሐፉ አይፈልገንም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1935) በአሜሪካ አገር አክሮን በምትባል ከተማ፥ አንድ የአክሲዮን ደላላ የመጠጥ አምሮት ቢነሣበት፥ እንደ እርሱ በመጠጥ የተቸገረ ሰው አፈላልጎ ከአንድ ሐኪም ጋር ተገናኘ። የሁለቱ ጭውውት፥ አባሎቹ የቤተሰብ ስማቸውን ሳይገልጹ የሚረዳዱበት፥ ዛሬ በብዙ አገሮች ለተስፋፋው ማኅበር መነሻ ሆነ።

እኛም ወደ አገራችን ልማድ ተመለከትንና የዕቁብን ደንብ ወሰድን። ቀኑ ዐርብ፥ ሰዓቱ 12 ነው። ገንዘብ አንጥልም፤ ዕጣ ግን እናወጣለን፤ ዕጣው የደረሰው የማታውን ጨዋታ ይመርጣል። አንዱ ገበጣ ይላል፤ ለዚህም ጉድጓድና ጠጠር ይበቃል። ሌላው ቅኔ ይላል። በጎጃም ምድር እየተማሩ ቅኔን አለመሞከር ያሳፍራልና፥ የጉባኤ ቃናን ሁለት ቤት አብነት አድርገን በአማርኛ ሰምና ወርቅ እንሞክራለን፤ ወርቁ የጠፋበት ይሳቅበታል። ሦስተኛችን በገና መማር ጀምሯል፤ በዐሥር አውታር የተያዘ እጅ መለኪያ ለመጨበጥ ጊዜ የለውም። የቀረ ሰው ቢኖር፥ የቀሩት በዚያው ማታ ሄደው ይጠይቁታል።

ከሁሉ የከበደን በዓል ነው። ከመካከላችን አንዱ የአማኑኤል ልጅ ሲሆን፥ ለገና ቤቱ ሄዶ ጠላውን እንቢ ቢል እናቱ «ልጄ፥ የእጄን ናቅኸው?» ብለው አዘኑ። በማዕድ ፊት እንቢ ማለት ባለቤቱን ያስቀይማል። በሚቀጥለው በዓል ግን ከሁለት ቀን በፊት ደርሶ «እማዬ፥ ለጤናዬ ብዬ ትቻለሁ፤ ብርዝ ይበጥብጡልኝ» አላቸው፤ እሳቸውም በደስታ በጠበጡለት። ብርዝ ማርና ውሃ ብቻ ስለሆነ አያሰክርም፤ ከርሞ ከፈላ ግን ወደ መጠጥነት ይለወጣልና የዕለቱን መጠጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው ሲሞቀው፥ ገናውን ይዞ ሩር ወደሚመታበት ሜዳ መውጣት ይሻላል።

ያ በሦስተኛው ሳምንት የተመለሰው ጓደኛችን እንደገና ከተወ ሰባት ወር ሆኖታል። ባለፈው ዐርብ ቢቀርብን ሁለታችን ወደ መኝታ ክፍሉ ገሠገሥን። ለካስ ለፈተና ሲያጠና ሰዓቱን ረስቶ ኖሯል! እኛ ተቆጣን፤ እርሱ ግን እየሣቀ «መጣችሁ?» አለን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ዐርብ ማታ መሄጃ የቸገረው ቢኖር ወደ እኛ ይምጣ። ጠጠር አለን።