ዙፋን ሲናወጥ ጣታችንን ወደ ማን እንቀስራለን?



ከጎንደር ወጥታችሁ በወለቃ ስታልፉ መንገድ ዳር የተደረደረውን የሸክላ ሥራ ታያላችሁ። እኔ ባለፍኩ ቁጥር ነቢዩ ኤርምያስ ትዝ ይለኛል። እግዚአብሔር መንግሥታትን እንደሚያፈርስና እንደሚሠራ ያስተማረው እኮ በሸክላ ሠሪ ቤት ነው (ኤር. 18)። እስቲ ዛሬ ስለ መንግሥታት መፍረስ እንነጋገር።

ሮምን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ235 ወታደሮች ንጉሣቸውን አሌክሳንደር ሴቬረስን ገደሉ። ከዚያ እስከ 284 ድረስ ከ20 የሚበልጡ ነገሥታት ተፈራረቁ። ሠራዊቱ ዛሬ የሾመውን ነገ ይገድለዋል። በ260 ንጉሡ ቫሌሪያን በፋርስ ተማረከ። ለወታደሩ ደመወዝ የሚሆን ብር ሲጠፋ ነገሥታቱ በገንዘቡ ላይ መዳብ እየጨመሩ አረከሱት፤ በኋላ ከመቶ አምስት እጅ ብር እንኳ አልቀረበትም። ገንዘቡ ሲረክስ የእህል ዋጋ ናረ።

«ይሄ የሩቅ አገር ታሪክ ነው» እንዳትሉ! በእኛዋ ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደሉ። በዚያው ዓመት የተተኩት ንጉሥም ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ቴዎድሮስ እስከነገሡበት እስከ 1855 ድረስ ዘመነ መሳፍንት ሆነ። ንጉሥ በግንቡ ውስጥ በስም ይቀመጣል፤ ሥልጣኑ ግን ጦር ባለው ራስ እጅ ነው። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስንት ጊዜ ወርደው ስንት ጊዜ ተመለሱ! ወታደሩም በባላገሩ ቤት ገብቶ በላ፤ ያረሰው ተራበ።

ነገሩ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። በሰይፍ ብቻ የቆመ ሥልጣን ሰይፉን መቀለብ አለበት። ቀለቡ ከገበሬው ጎተራ ይወጣል። ጎተራው ሲራቆት ሰይፉ ሌላ ጌታ ይፈልጋል።

ወገኖቼ፣ ሰው ሲጨንቀው ደግሞ የሚከሰው ይፈልጋል። በ250 ገደማ ንጉሡ ዴሲየስ ሕዝቡ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ፤ እምቢ ያሉ ክርስቲያኖች ታሰሩ፣ ተገደሉ። እኛስ? የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ማረሻችንን ቀጠቀጡልን፣ እንስራችንን ሠሩልን። እኛ ግን «ቡዳ» አልናቸው። ሰው ሲታመም ጣታችንን ወደ እነሱ ቀሰርን። እኔም በልጅነቴ ያን ቃል በአፌ ብያለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ብዙዎቹ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ስድቡ ግን ከአፋችን አልሄደም።

በሮም የመከራ ዘመን ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ የካርቴጅ ጳጳስ ሲፕሪያን ምእመናኑን ምን አስተማራቸው? የራሳቸውን ሰው ብቻ ሳይሆን የሚያሳድዷቸውንም እንዲረዱ! ዙፋኑ ሲናወጥ ቤተ ክርስቲያን የታወቀችው በዚህ ነው።

ዛሬ ኑሮ ከብዶሃል፤ የነገው ያስፈራሃል። አውቃለሁ። ግን ጎረቤትህን በዘሩ ወይም በሙያው አትክሰስ። ያልተረጋገጠ ወሬ ከአንተ ጋር ይቁም። ካለህ ዱቄት አንድ እፍኝ ለባዶ ሌማት አካፍል። ምርኮኞቹ እንኳ ለባቢሎን ሰላም እንዲጸልዩ ታዘው የለ (ኤር. 29፥7)? አንተም ለከተማህ ጸልይ።

ጌታ ሆይ፣ አንተ ሸክላ ሠሪ ነህ፤ እኛ ጭቃ ነን። አንደበታችንን አንጻ፣ ምድራችንን ፈውስ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።