ጀበና ቡና ሊከፍቱ ነው? ከሲኒው በፊት ወረቀቱ

ዛሬ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ፈቃድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጀበና ቡና የሚከፍቱ ሰዎች ደውለው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ኪሎው ስንት ገባ?» ነው። እኔ ደግሞ «ቤቱ ካርታ አለው ወይ?» እላለሁ። አንዷ ደንበኛዬ የስድስት ወር ኪራይ ቀድማ ከፈለች፤ አከራዩ ካርታ ስላልነበረው ውሉ አልጸደቀም፣ ፈቃዱም ቀረ። ብሩም እስካሁን አልተመለሰላትም።

ስለዚህ መጀመሪያ የቤቱን ሰነድ ይዩ፤ ቀጥሎ ውል ማስጸደቅ፣ ቲን ማውጣት፣ ከዚያ ንግድ ምዝገባና ፈቃድ። ሰነዱን ሳያዩ ቀብድ እንዳይሰጡ።

ለአቅራቢዎችም፦ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው፤ «ለጀበና ነው» ማለት አያድንም። ፈቃድ ያለው ገዢ ደረሰኝ ይቀበላል፣ ደረሰኝም ይሰጣል። ከእሱ ጋር ስሩ።

መልካም ገበያ!