በሌሊት የሚቋረጥ ስክሪፕት፦ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ መንስኤውን የመመርመር ሙያ

ስክሪፕት ማለት ሰው አንድ በአንድ ሊሰጣቸው የሚችሉ ትእዛዞች በጽሑፍ ፋይል ተሰድረው ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲፈጽማቸው የተሰናዱበት አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ ሰርቨሮች ላይ የመረጃ ቋትን መጠባበቂያ ቅጂ ማንሳት፣ የዕለት ሪፖርት ማውጣት፣ ያረጁ ፋይሎችን ማጽዳትና የመሳሰሉት ተደጋጋሚ ሥራዎች በአብዛኛው የሚከናወኑት በስክሪፕት ሲሆን፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያስነሳው ደግሞ ታስክ ስኬጁለር የተባለው የዊንዶውስ አካል ነው። ሥራው ሰው በሌለበት ሰዓት ስለሚካሄድ ሲቋረጥም የሚያየው የለም፤ ቅጂው ለሳምንታት ሳይነሳ መቆየቱ የሚታወቀው ቅጂው በጥብቅ በተፈለገበት ቀን ሊሆን ስለሚችል፣ የመቋረጡን መንስኤ አጣርቶ የማወቅ ችሎታ ለሰርቨር ባለሙያ ከዋነኞቹ የሙያ ግዴታዎች አንዱ ነው።

ባለሙያዎችን በብዛት የሚያደናግረው ስክሪፕቱ በእጅ ሲያስነሱት ያለ እንከን ሠርቶ በተመደበለት ሰዓት ግን የሚወድቅበት ሁኔታ ነው። በዚህ ጊዜ የትእዛዙ ጽሑፍ ያው ሆኖ ሳለ የሚሠራበት ሁኔታ ተለውጧል። አንደኛ፣ ስክሪፕቱ የሚሠራው በባለሙያው ሳይሆን ለሥራው በተመደበው አካውንት ስም ስለሆነ፣ የዚያ አካውንት ፈቃድም ሆነ የቀን አጻጻፍ ምርጫ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ቀንን ከወር አስቀድሞ የሚያነብ ስክሪፕት ወርን በሚያስቀድም አካውንት ሥር ሲገባ ከወሩ 13ኛ ቀን ጀምሮ ይሰናከላል። ሁለተኛ፣ የመነሻ ፎልደሩ በታስክ ስኬጁለር ውስጥ ካልተሞላ ሥራው ከዊንዶውስ የራሱ ፎልደር፣ ማለትም ከሲስተም 32፣ ስለሚጀምር፣ ሙሉ አድራሻው ያልተጻፈ ፋይል ሁሉ እዚያ ይፈለጋል። ሦስተኛ፣ በአንድ የድራይቭ ፊደል የተሰየመ የኔትወርክ ፎልደር ለሰየመው ሰው መግቢያ ብቻ የሚታይ በመሆኑ፣ በሌሊቱ ሥራ ዓይን ያ ድራይቭ ጨርሶ የለም፤ መፍትሔውም በፊደሉ ፋንታ የፎልደሩን ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ መጻፍ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ስውሩ ግን የሴሽን ጉዳይ ነው። ሴሽን ማለት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት፣ ከሌላው የተከለለ የመግቢያ ክልል ሲሆን፣ ከዊንዶውስ ቪስታና ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ዜሮ ቁጥር ያለው ሴሽን ከተጠቃሚዎች ዴስክቶፕ ተለይቶ ለአገልግሎት ሰጪ ፕሮግራሞች ተከልሏል። ተጠቃሚ ባይገባም እንዲሠራ የታዘዘ ስክሪፕት የሚሠራውም በዚሁ ክልል ነው። እንዲህ ያለው ስክሪፕት ኤክሴልን ከፍቶ ኤክሴል «ፋይሉ ይተካ ወይስ ይቅር?» የሚል የመጠይቅ ሳጥን ቢያወጣ፣ ሳጥኑ ማንም በማያየው ስፍራ ተዘርግቶ መልስ ሲጠብቅ ያድራል። በነባሩ ቅንብር አንድ ሥራ እንዲቆም የሚደረገው ከ3 ቀን በኋላ ሲሆን፣ የቀድሞው ሳያልቅ አዲስ እንዳይጀመርም ያው ቅንብር ስለሚከለክል፣ የአንዲት ሳጥን መልስ ማጣት ተከታዮቹን ሌሊቶችም ይዞ ይቀራል።

ምርመራው መጀመር ያለበት ኮዱን ከመነካካት ሳይሆን ሰርቨሩ ራሱ የጻፈውን ምስክርነት ከማንበብ ነው። የመጀመሪያው ምስክር በታስክ ስኬጁለር መስኮት ላይ የሚታየው የመጨረሻው ውጤት ቁጥር ነው። መስኮቱ ቁጥሩን በአሥራ ስድስት መሠረት ቢጽፈውም ወደ ተለመደው የአሥር መሠረት ሲመለስ፣ 267009 ሥራው አሁንም በመካሄድ ላይ መሆኑን፣ 2147942402 የተጠራው ፋይል አለመገኘቱን፣ 3221225477 ደግሞ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን የሜሞሪ ክፍል ነክቶ መውደቁን ይናገራል። ሁለተኛው ምስክር ኢቨንት ቪውወር፣ ማለትም የሰርቨሩ የክስተቶች መዝገብ ነው። አንድ ፕሮግራም በድንገት ሲወድቅ በቁጥር 1000 የሚመዘገበው ክስተት የወደቀውን ፕሮግራም፣ ውድቀቱ የደረሰበትን ንዑስ ክፍልና የስሕተቱን ኮድ በየመስመሩ ይዘረዝራል። እዚህ ላይ መዝገቡ የሚጠቅሰው የስክሪፕቱን ስም ሳይሆን ስክሪፕቱን የሚያነበውን ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ፓወርሼልን፣ መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ንዑስ ክፍሉ የመረጃ ቋት ማገናኛ ሆኖ ከተገኘም ጥርጣሬው ከስክሪፕቱ ወደ ማገናኛው ይዞራል። ይህ ካልበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተውና በ2006 ማይክሮሶፍት የገዛው ሲስኢንተርናልስ ያሰናዳው ፕሮክደምፕ የተባለው መሣሪያ ፕሮግራሙ በሚወድቅባት ቅጽበት የሜሞሪውን ቅጂ ያስቀራል።

ከግልጽ ውድቀት ይልቅ አደገኛው የዜሮ ቁጥር ውጤት ነው፤ ዜሮ መልካም ፍጻሜን ያመለክታል ቢባልም ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። በፓወርሼል አብዛኞቹ ስሕተቶች ሥራን የማያቋርጡ በመሆናቸው፣ የሚቀዳው ፋይል ባይገኝ እንኳ ስክሪፕቱ ስሕተቱን ጽፎ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያልፋል፤ በመጨረሻም ዜሮ አስመዝግቦ ይወጣል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ ማንኛውም ስሕተት ሥራውን እንዲያስቆም ከስክሪፕቱ ራስጌ ላይ ያዝዛል፣ እያንዳንዱን እርምጃ ከነሰዓቱ በሎግ ፋይል ያስመዘግባል፣ ስሕተት ሲያጋጥምም ስክሪፕቱ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ይዞ እንዲወጣ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ግን ስክሪፕቱ ከመጠናቀቁ በፊት ይነሳ የተባለው ቅጂ በስፍራው መኖሩን፣ የዛሬ መሆኑንና መጠኑ ባዶ አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይገባል፤ ሌሊቱን ሥራው መሠራቱን የሚመሰክረው ጠዋት ተከፍቶ የሚነበበው ፋይል ነውና።