ዝናብ ሲይዝ የት ይገባል? የአዲስ አበባ የክረምት መጠለያዎች

በአዊዋ አዘና ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም እምብዛም አይለቅም። የአዊ ደጋ ሰው ግን ከዝናብ ጋር ተስማምቶ የኖረ ነው። ሲጠነክር ምድጃ ዳር ተቀምጦ ድንች በረመጥ ይጠብሳል፣ ቀርቀሃ ይሰነጥቃል፤ ሲያባራ ወደ ማሳው ይወጣል። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ሰው፣ በተለይም ልጁ፣ ክረምቱን ትልቅ ከተማ ላይ ሲያሳልፍ ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ አጎት ወይም አክስት ዘንድ የሚላኩ የአካባቢያችን ልጆች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ ከመስኮትና ከቴሌቪዥን ሌላ የረባ ነገር ሳያዩ መስከረም ላይ ይመለሳሉ። እንግዳ ተቀባዮቹም ቢሆኑ ከከተማቸው ጣሪያዎች የሚያውቁት የቤታቸውን፣ የመሥሪያ ቤታቸውንና የካፌያቸውን ነው። ይህ በጣም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ለዝናብ ቀን የሚሆኑ ቤቶች በአገሪቱ ካሉ ከተሞች ሁሉ በላይ አሏት።

መጀመሪያ የዝናቡን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ አይዘንብም። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱ ደመናማም ቢሆን ያስኬዳል፤ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና አንዳንዴም በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጎርፍ ይሆናል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ ሰልፉ ይረዝማል። ስለዚህ አንዱን ከቦሌ፣ ሌላውን ከመርካቶ እየለቀሙ ዝርዝር ይዞ መዞር አያዋጣም። የሚያዋጣው ለአንድ ቀን አንድ ሰፈር መርጦ፣ ጠዋት ደርሶ፣ ዝናቡ ሲመጣ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው መሻገር ነው። እኔ ሦስት ሰፈሮችን እመርጣለሁ።

ቀዳሚው ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ነው። ከሁለት ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ዳገት ላይ ይህን ያህል የእውቀት ቤት የተደረደረበት ሌላ ጎዳና በኢትዮጵያ አላውቅም። ከታች አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በ2014 ዓ.ም ተመርቆ ሲከፈት 1.1 ቢሊዮን ብር እንደወጣበት ተነግሮ ነበር። ከአካባቢያችን ለሚሄድ ተማሪ ከሁሉ በፊት የማመለክተው ይህን ቤት ነው። ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበትና ሞቅ ያለ ነው፤ ሳይገዙ የሚቀመጡበት ቦታ በከተማ ማግኘት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። መታወቂያ መያዝና በር ላይ ለፍተሻ መዘጋጀት ብቻ ነው። መዛግብትና የቆዩ ጋዜጦች ለሚፈልግ ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ የሚያገለግለው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ሌላው አማራጭ ነው፤ ከዚህ መንገድ ግን ወጣ ይላል።

ከአራት ኪሎ ሳይወጡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። የአገራችን አዕዋፍና አራዊት በደረቁ ተሰናድተው ተቀምጠውበታል። ትንሽና ጸጥ ያለ ቤት ስለሆነ ትልልቆቹ ሙዚየሞች ይጋርዱታል። ልጆች ግን በጣም ይወዱታል።

ወደ አምስት ኪሎ ሲወጡ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ሰው የሚሄደው ድንቅነሽን ለማየት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለእርሷ ብቻ ቢኬድም ይገባታል። አጽሟ የተገኘው በኅዳር 1967 ዓ.ም በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ሥፍራ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ ከአካሏ አጥንት 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥብቅ ክፍል ይጠበቃል። ይህን የሰማ ሰው አንዳንዴ ቅር ይለዋል፤ ሆኖም ቅጂው ፊት ረጋ ብሎ መቆም ቅሬታውን ይሽረዋል። አንዱ ቅጂ የተገኙትን አጥንቶች ብቻ በየቦታቸው አስተኝቶ ያሳያል። ሌላው የጎደለውን ሞልቶ ያቆማታል፤ ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ይለካባታል። ዳሌዋንና ጉልበቷን ልብ ብሎ የተመለከተ፣ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ሊቃውንቱ በምን እንዳወቁ ያስተውላል። ከዚያ ወደ ሰላም መሻገር ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ1993 ዓ.ም በዲኪካ ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፤ በዘመን ከድንቅነሽ 100,000 ዓመት ገደማ ትቀድማለች። በሌሎቹ ወለሎች የነገሥታት አልባሳትና ሥዕሎች አሉ፤ ለእነርሱ የሚሆን ጉልበት አስቀርቶ መግባት ነው።

ከሙዚየሙ ብዙም ሳይርቅ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም ሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን ተምሮ፣ በስደት አሜሪካ ውስጥ ያለፈ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ጀርመን አገር ቆይተው የተመለሱ ሥራዎቹ ለማዕከሉ መቋቋም መነሻ ሆነዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለለመደ ዓይን ሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይሆናሉ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ስንቆይ ግን እየቀረቡን ይመጣሉ።

ስድስት ኪሎ ላይ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ቤቱ ራሱ ታሪክ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባል ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ታግተው የነበሩ ባለ ሥልጣናት የተገደሉት እዚሁ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እስከ ዛሬ ይጎበኛል። የሙዚየሙ ልዩ ብልሃት አደራደሩ ላይ ነው። ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አልተከፋፈሉም፤ የሰው ልጅ ከልደት እስከ ሞት የሚያልፍበትን ሕይወት ተከትለው ተቀምጠዋል። የሕፃን ማዘያው፣ የልጅ ጨዋታው፣ የአደን መሣሪያው፣ የሠርጉ ዕቃ፣ የመቃብር ምልክቱ ከየአካባቢው እየተለቀመ ጎን ለጎን ቆሟል። ከአዊ የሄደ ሰው የራሱን ቤት ዕቃ የሚመስል ነገር ከኦሞ ሸለቆ በመጣ ዕቃ አጠገብ ሲያይ፣ ልዩነቱ ከጠበቀው ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ላይኛው ክፍል ያሉት ጥንታዊ ሥዕለ ቅዱሳንና የዜማ መሣሪያዎች ብቻቸውን አንድ ከሰዓት በኋላ ይወስዳሉ።

ሁለተኛው ሰፈር ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ድሮውን የሚያውቅ ሰው በሐዘን ነው የሚያልፍበት። የቀሩትን ማየት ከምንጊዜውም በላይ ተገቢ ነው የምለውም ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። የአዊ ሰው እዚህ ሲገባ ከሌላው ጎብኚ የሚለይበት ጉዳይ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል፣ ፈረስ በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የዋለውን ውለታ የሚዘክር ነው፤ የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው። አዘናም ከሰባቱ ቤቶች አንዱ ነው። በልጅነቱ የአባቱን ፈረስ በኮርቻና በጌጥ ሲያሸበርቅ ያደገ ሰው፣ በመታሰቢያው ውስጥ የፈረሰኛውን ምስል ሲያይ መጽሐፍ የማይነግረውን ያነብበታል። ልጆቻችንን ወደዚህ የምንወስድ ከሆነ ይህን አስቀድመን ልንነግራቸው ይገባል፤ ያለዚያ ፎቶ ተነሥተው ብቻ ይወጣሉ።

ከመታሰቢያው ቅርብ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም ዘውድ የጫኑበት ነው። የራሱ ሙዚየም አለው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 በፍልሰታ ጾም ከሄዳችሁ ግቢው በምእመናን ይሞላል። በከተማ የክረምት ቀን ብዙ ሰው የሚያሰባስብ ጣሪያ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነም ያኔ ይታያል።

ሀገር ፍቅር ቴአትርም እዚሁ ነው። በ1927 ዓ.ም፣ የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ሰዓት፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመው ማኅበር ነው ወደ ቴአትር ቤትነት ያደገው። ለዝናብ ቀን ከቴአትር የሚሻል ነገር አላውቅም፦ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ጨለማው ይሞቃል፣ የተመልካቹ ሳቅ የጣሪያውን ድምፅ ይውጠዋል። የቴአትር ቤቶች መርሐ ግብር ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ ቀደም ብሎ ማስታወቂያውን ማየት ነው። ከዚያ ለጥቆ ቶሞካ ቡና። ከእ.ኤ.አ. 1953 ጀምሮ እዚያው ነው፤ ብዙው ደንበኛ ቆሞ ይጠጣል። ልብሱ የረጠበ ሰው ከሚቆላው ቡና ሽታ መሀል ሲገባ ብርዱን ይረሳል።

ሦስተኛው ሰፈር ከብሔራዊ ቴአትር እስከ መስቀል አደባባይ ነው። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተመረቀ፤ የመክፈቻው ትያትር የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም የተከፈተ ነው። ፎቶግራፎቹ፣ የተረሸኑት ሰዎች ልብስና አጽም ልብ ይሰብራሉ። ትንንሽ ልጆችን ይዞ መግባት አልመክርም፤ የወላጆቹን ዘመን መረዳት ለሚፈልግ ወጣት ግን የግድ ነው። ከዚያ ሽቅብ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሣለበት ባለቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል። አዳራሹ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ለመግባት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሦስቱ ሰፈሮች ውጭ ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። በ2012 ዓ.ም የተከፈተው አንድነት ፓርክ አብዛኛው ሜዳ ቢሆንም የምኒልክ ግብር አዳራሽ ለዝናብ ይመቻል። በ2015 ዓ.ም የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ቴክኖሎጂ ለሚወዱ ልጆች ነው። የገበያ ሕንፃዎች ለመጠለል ያህል ካልሆነ ኪስ ከማራቆት ሌላ ብዙ አይሰጡም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነሐሴ ላይ ስለሚጀምር ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ሁሉ ይሞላል፤ አብሮ መጮኹ ደስ ይላል፣ ልጅ ይዞ የሚኬድበት ግን አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ከመንገድ መጽሐፍ ነጋዴ ልብ ወለድ ተከራይቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ቢገባ ከማንም አያንስም። ገበጣም የትም ይገኛል፤ የካርቶን እንቁላል መያዣና ጠጠር ይበቃል።

ዝናብ የማይለያት ለንደን ያሉ ወገኖቻችን በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ የከተማዋ ትልልቅ ሙዚየሞች መደበኛ ትርኢታቸውን በነፃ ያሳያሉ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፉትን ዘውድና ጽዋ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት የመቅደላ ታቦታት ግን ለሕዝብ አይታዩም። እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከዝናብ ሲጠለል ከተዘረፈው ቅርሱ ጋር ይገናኛል፤ እዚህ ያለነው ግን ያልተዘረፈውን በጥቂት ብር ማየት እየቻልን በደጁ እናልፋለን። ከለንደን ሙዚየሞች ሥርዓት ልንወስደው የሚገባው ነፃ መግቢያውን ነው፤ ቢያንስ በሐምሌና በነሐሴ ለተማሪዎች። ክረምት ልጆች ሥራ ፈትተው የሚውሉበት ወቅት ነው፤ ሙዚየሞቻችን ከልጅ ጋር የሚጫወቱ አስጎብኚዎችንም በዚህ ወቅት ቢያዘጋጁ እወዳለሁ።

አዲስ አበባ ለአዘና ሩቅ ናት። ከእንጅባራ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ክረምት ላይ የዓባይ በረሃ መንገድ ጉም ይጫነዋል። ለዚያ የማይችል ቤተሰብ ባሕር ዳርን ያስብ። የጣና ገዳማት ጉዞ በዝናብና በማዕበል ባይመከርም ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ቴአትርና ሙዚቃ ይዞ ይጠብቃል፤ ትርኢት መኖሩን ከመሄድ በፊት ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። እንጅባራ ላይ ደግሞ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለን። የአገው ፈረሰኞችን ኮርቻ፣ ልባብና ጌጥ፣ የቀርቀሃ ሥራችንን፣ የአገውኛ ተረቶችን አሰባስቦ በዝናብ ቀን ለልጆቻችን ክፍት የሚሆን አንድ አዳራሽ በዚያ ማየት እመኛለሁ። የፈረስ ዕቃውን የሚሠሩትና ስሙን በአገውኛ የሚጠሩት አባቶች ገና በሕይወት አሉና፣ ሥራው ከእነርሱ ቢጀመር ይሻላል።