የፕላስቲክ ሰደፍ ለምን ይጎብጣል? ስለ ግትርነት ፊዚክስ

አንድን የፕላስቲክ ማስመሪያ በጠፍጣፋ ገጹ ብንጫነው በቀላሉ ይጎብጣል፤ በጠርዙ አቁመን ብንጫነው ግን እምቢ ይላል። ቁሱ ያው ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ይህ ቀላል እውነታ ከጠመንጃ ሰደፍ እስከ ወላይታ ጓሮ ድረስ እንዴት እንደሚሠራ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ

በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ፣ ሰደፉ እንጨት ነበር። እንጨት ግትር ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ሲመጥ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዚህም ሳቢያ ይጣመማል። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት እንደ ሶዶ ባለ አካባቢ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ፕላስቲክ በአንጻሩ ውኃ እምብዛም አይመጥም፤ በፋብሪካም በርካሽ ይመረታል።

ይሁን እንጂ ስስ የፕላስቲክ ሰደፍ ጉድለት አለው። ተኳሹ የሰደፉን የፊት ክፍል ድጋፍ ላይ ሲያሳርፍ ወይም ማንገቻውን ሲስብ ሰደፉ ጎብጦ በርሜሉን ይነካል። በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል። ሰደፉ አንዴ ሲነካው ሌላ ጊዜ ሳይነካው ሲቀር ርግብግቡ ይለያያል፤ ጥይቱም አንድ ቦታ አያርፍም።

ቁስና ቅርጽ

ግትርነትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። በረባሶ ብናጥፈው አይሰበርም፤ ግትር ግን አይደለም። መስታወት ግትር ነው፤ ነገር ግን ይሰበራል። የቁስ ግትርነት የሚለካው በያንግ ሞጁለስ ነው። ይኸውም ለፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ 1.5 ጊጋ ፓስካል ገደማ፣ በጭረቱ አቅጣጫ ለተጫነ እንጨት 10 ገደማ፣ ለአሉሚኒየም 70፣ ለብረት 200 ያህል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅርጽ ነው። አንድ ዝርግ ነገር ሲጎብጥ አንዱ ገጹ ይለጠጣል፣ ሌላው ይጨመቃል፤ መካከሉ ግን ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። በመሆኑም ግትርነት በውፍረት ኩብ ያድጋል፤ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው 6 ሲሆን ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሳለ የማይጎብጠው ቁሱን ከመካከል አርቆ በዙሪያው ስላኖረ ነው፤ አንጓዎቹም ግድግዳው እንዳይጨፈለቅ ይይዙታል። ከወላይታ ጎረቤት በጨንቻ የሚገኙት የዶርዜ ቤቶች የሚሠሩት ከቀርከሃ ነው።

ጥገናው

የሰደፉን ክፍት ሆድ በኢፖክሲ ብቻ መሙላት ብዙ አይረዳም፤ የኢፖክሲ ሞጁለስ 3 ጊጋ ፓስካል ገደማ ነውና ጭማሪው በአብዛኛው ክብደት ነው። የሚበጀው በኢፖክሲው ውስጥ የአሉሚኒየም ወይም የካርቦን ቃጫ ዘንጎችን መቅበር ነው። ቦታቸውም ወሳኝ ነው፤ ዘንጉ ሥራ ከሚፈታው መካከል 5 ሚሊ ሜትር ርቆ ከነበረበት ወደ 15 ቢወሰድ አስተዋጽኦው ወደ 9 እጥፍ ይጠጋል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ኢፖክሲ ፖሊፕሮፒሊንን በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና ኢፖክሲው ገብቶ እንዲቆለፍ የውስጥ ክፍልፋዮቹን መብሳት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ኢፖክሲ ሲጠጥር ሙቀት ያወጣል፤ በአንድ ጊዜ በብዛት ቢፈስ ስሱን ፕላስቲክ ያጣምመዋል። ጥቂት በጥቂት ማፍሰስ ይገባል።

በእጃችን ያለው

ጭቃ በጭድ ሲቦካ የምናገኘው ግድግዳም የዚሁ ጥበብ ልጅ ነው፦ ጭረቱ መለጠጥን ይቋቋማል፣ ጭቃው ጭረቱን በቦታው ይይዛል። በወላይታ ጓሮ የሚበቅለው እንሰትም ጠንካራ ቃጫ ይሰጠናል።

በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ ሙከራችንን በካርቶን እናድርግ። ሁለት እኩል የካርቶን ቁራጮችን አዘጋጁ። በአንደኛው አንድ ገጽ ላይ በሙጫ የተነከረ የእንሰት ቃጫ በርዝመቱ ለጥፋችሁ አድርቁ። ሁለቱንም ከጠረጴዛ ጠርዝ እኩል አውጥታችሁ ጫፋቸው ላይ እኩል ክብደት ስቀሉና ዝቅታቸውን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያም ቃጫ ያለውን ገልብጣችሁ ድገሙት። ቃጫው ከላይ ሲሆንና ከታች ሲሆን ውጤቱ አንድ ነውን? ካልሆነስ የትኛው ገጽ ይለጠጣል፣ የትኛው ይጨመቃል? መልሱን ያገኘ ተማሪ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ከመጣሉ በፊት ድጋፉን የት እንደሚያኖር ያውቃል።