ቅጠሉ ከየት ተቆረጠ?

ስለ ባህል መድኃኒት የምንከራከረው ያድናል ወይስ አያድንም፣ መጠኑስ ስንት ይሁን እያልን ነው። ተክሉ የበቀለበት አፈር ግን ብዙም አይነሣም።

የአቃቂን ወንዝ እንውሰድ። ከእንጦጦ ተዳፋት ይነሣና የቆዳ ፋብሪካውንም የመንደሩንም ፍሳሽ እየተቀበለ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። በዳርቻው በሚለማው ጎመንና ሰላጣ ላይ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ እንደተገኘ ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ጎመኑስ መርማሪ አግኝቷል፤ እዚያው ዳር ላይ ማንም ሳይዘራው ለሚበቅለው ግራዋና እንዶድ ማን ይድረስለት? «የዱር ነው፣ ንጹሕ ነው» የሚለው እምነት እንዲህ ያለ ወንዝ ዳር አይሠራም።

ብረቶቹም ጠባያቸው ይለያያል። እርሳስ ከአፈር ወደ ቅጠል በቀላሉ አይወጣም፤ አብዛኛው ሥሩ ላይ ይቀራል። ቅጠል ላይ የሚገኘው በአመዛኙ አቧራ ስለሆነ ደህና አድርጎ ማጠብ ይቀንሰዋል። ካድሚየምን ግን ተክሉ ከውኃው ጋር ይመጠዋል፤ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ይብስበታል። ይህን ማጠብ አያስለቅቀውም። ማፍላትም አያጠፋውም፤ ከፊሉ ወደሚጠጣው ውኃ ይወርዳል። ወደ እርሳሱ ስንመለስ፣ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የቀረው በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ከጭስ ማውጫው የወረደው እርሳስ ግን ዛሬም በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ አለ።

ስለዚህ በእርሳስ በኩል ከቅጠሉ ይልቅ ሥሩ ያሳስበኛል። ቀበሪቾ የሚፈለገው ለሥሩ ነው፤ ተቆፍሮ፣ አፈሩ እንኳ ሳይራገፍ ይሸጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከመንገድ ዳር፣ ከፍሳሽ ቦይ፣ ከቆሻሻ መጣያና ከፋብሪካ አካባቢ አትልቀሙ ይላል። ለደረቅ ተክል ያስቀመጠው ጣሪያም በኪሎ 10 ሚሊግራም እርሳስና 0.3 ሚሊግራም ካድሚየም ነው። ምች ሲመታ አንድ ጊዜ የሚጨመቅ ዳማከሴ አያስፈራኝም። ለወራት በየቀኑ የሚጠጣ መረቅ ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን።

ቁጥጥሩ የሚከብደው ጆንያው ላይ ነው። የብዙ ለቃሚ ቅጠል አንድ ላይ ተደባልቆ ገበያ ይደርሳል፤ ከላይ ተጨልፎ ቢመረመርና ንጹሕ ቢባል፣ ከሥር ያለው ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደመጣ ሻጩም አያውቅም።